ልብሳችሁን እወቁ፣ ጤናችሁን ጠብቁ
(በመጠለያ ጣቢያችን ሬዲዮ የጤና ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር)

 ንግግሩ ሲተላለፍ ውኃ ወረፋ ላይ ወይም ሥራ ላይ ለነበራችሁ ሁሉ እነሆ በጽሑፍ አቅርበንላችኋል። ማንበብ የምትችሉ ለማይችሉት ጎረቤቶቻችሁ እንድታነቡላቸው በትሕትና እንጠይቃለን።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ልብስ ነው። "የጤና ሠራተኛ ስለ ልብስ ምን አገባው?" የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ልብስ ግን ቀንም ሌትም ከቆዳችን አይለይም። ላባችንን የሚይዘው ወይም የሚያስወጣው ልብስ ነው። ቅማል የምትራባው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። እሳት ሲነሳም ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚይዘው ልብሳችንን ነው። ስለዚህ ልብስን ማወቅ ጤናን ማወቅ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። በፋሲካ ዋዜማ፣ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም፣ በካርቱም ተኩስ ሲጀመር ከካርቱም ሁለትና ከሌሎች ሰፈሮች የወጣን ሰዎች ይዘን የወጣነው በእጃችን የገባውን ነው። ያ ልብስ የተገዛው ለካርቱም ሁለት ኑሮ ነበር። እዚያ ውኃ ከቧንቧ ይቀዳል፣ ቤት ውስጥ ሙከይፍ አለ፣ ካውያው በኤሌክትሪክ ይሠራል፣ የታጠበው ፎቅ ጣሪያ ላይ ይሰጣል። ያው ልብስ ዛሬ የሚውለው በጭስ፣ በአቧራና በጭቃ መካከል ነው። ቶሎ አልቆ ሌላ ለመግዛት ደግሞ የብዙዎቻችን አቅም አይፈቅድም። በሰው ቤት ልብስ ስታጥቡና ስትተኩሱ የኖራችሁ እህቶች ከምናገረው ብዙውን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ የምጨምረው ምክንያቱንና ከጤና ጋር ያለውን ግንኙነት ነው።

1. ልብሱ ከምን እንደተሠራ እንዴት ይታወቃል?

ጨርቅ የሚሠራባቸው ክሮች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ከተክል የሚገኘው ነው፤ ዋናው ጥጥ ነው። ጥጥ ለእኛም ለሱዳንም እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ፈትለው ድርና ማግ አድርገው ነጠላና ጋቢ ያሠሩበታል። ከካርቱም በስተደቡብ ያለው የጀዚራ እርሻም በ1925 እ.ኤ.አ. የሰናር ግድብ ሲጠናቀቅ የተስፋፋው በዋናነት ለጥጥ ነበር። ሁለተኛው ከእንስሳት የሚገኘው ነው፤ ሱፍና ሐር ከዚህ ወገን ናቸው። የመንዝ ሰው ለብርድ የሚለብሰው ባና ከበግ ፀጉር የሚሠራ ነው። ሦስተኛው በፋብሪካ ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠራው ነው፤ ናይለን፣ ፖሊስተርና አክሪሊክ ይባላሉ። በሰልባጅ ከምንገዛው ውስጥ ብዙው ከዚህ ከሦስተኛው ነው፤ አንዳንዱም ከጥጥ ጋር የተቀላቀለ ነው።

በልብሱ አንገት ላይ ያለው ጽሑፍ ከጠፋ እንዲህ አድርጋችሁ ለዩት። ከውስጥ ጠርዙ አንድ ክር ምዘዙ። ከድንኳኑ ራቅ ብላችሁ፣ ሕፃናትን አርቃችሁ፣ ውኃ በጣሳ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ፣ ክሩን በወረንጦ ይዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ ቶሎ ይነዳል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ለስላሳ ነው። ሱፍ ወይም ሐር ከሆነ በግድ ይነዳል፣ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። የፋብሪካ ክር ከሆነ ይሸማቀቅና ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ጠንካራ ጓል ይሆናል። የሚነድም የሚቀልጥም ከሆነ ድብልቅ ነው። የሚንጠባጠበውን በእጃችሁ አትንኩት፤ በኃይል ያቃጥላል።

2. በሙቀትና በላብ ጊዜ

ሰውነታችን በሙቀት ጊዜ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በላብ ነው። የሚያቀዘቅዘን ግን ላቡ መውጣቱ ብቻ ሳይሆን ተንኖ መድረቁ ነው። 100 ግራም ደረቅ ጥጥ በተለመደ አየር ውስጥ 8 ግራም ያህል እርጥበት በውስጡ ይይዛል፤ ሱፍ 16 ግራም ያህል፣ ናይለን 4 ግራም ያህል ይይዛል። ፖሊስተር ግን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። በመሆኑም ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ የፖሊስተር ልብስ በሰውነት ላይ ሲጣበቅ ላቡ መውጫ ያጣል። የሙቀት ሽፍታ በሕፃናት አንገትና ብብት ላይ የሚበዛው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ጭርትና የብሽሽት ማሳከክም እርጥብና ሞቃት ቦታ ይወዳሉ። ፖሊስተር የላብን ቅባት ስለሚይዝ ታጥቦም ሽታው ቶሎ አይለቅም።

ስለዚህ ከቆዳ ጋር የሚነካካው የውስጥ ልብስ፣ የሕፃናት ልብስና የሽንት ጨርቅ እንዲሁም የወር አበባ ጨርቅ በተቻለ መጠን ጥጥ ይሁን። ያለችሁን አንዲት የጥጥ ልብስ ከውስጥ፣ ፖሊስተሩን ከላይ አድርጉ። የሱዳን አባቶች ጀላቢያ ሰፊ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. በበረሃ የሚኖሩ በደዊኖች በሚለብሱት ሰፊ ቀሚስ ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። ጥናቱ እንዳሳየው ጥቁሩ ቀሚስ ከነጩ የበለጠ ፀሐይ ቢስብም ወደ ቆዳ የሚደርሰው ሙቀት ግን እኩል ነበር። ምክንያቱ በልብሱና በቆዳው መካከል አየር መመላለሱ ነው። ስለዚህ ልብሳችሁ ጠባብ ከሆነ ስፌቱን ፈትታችሁ አስፉት።

በብርድ ሌሊትም ነገሩ ያው ነው፤ የሚያሞቀን በጨርቁ መካከል የተያዘው አየር ነው። ጋቢ አራት እጥፍ በመሆኑ የሚያሞቀው ለዚህ ነው። አንድ ወፍራም ልብስ ከሌላችሁ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ደርቡ። ጥጥ ከረጠበ ግን ሙቀት አይሰጥም፤ ሰውነትንም ያቀዘቅዛል። ዝናብ የመታውን ሕፃን የረጠበውን ጥጥ ቶሎ አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት። ሱፍ እርጥበት ቢነካውም ከጥጥ ይሻላል።

3. በእሳት አጠገብ

ይህን ክፍል በተለይ እናቶችና ምግብ የምትሠሩ ሁሉ በጥሞና እንድታዳምጡ እለምናለሁ። ምድጃችን ከመኝታችን ብዙም አይርቅም። ጥጥ እሳት ቶሎ ይይዛል፣ ቶሎም ይነዳል። ናይለንና ፖሊስተር ደግሞ ይቀልጡና ከቆዳ ጋር ይጣበቃሉ፤ ስለዚህ ቁስሉ ጥልቅ ይሆናል። የጥጥና የፖሊስተር ድብልቅ ከሁለቱም የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ጥጡ እየነደደ የቀለጠውን ፖሊስተር ይዞ ስለሚያቆየው ነው። ከሁሉም እሳት የሚቋቋመው ሱፍ ነው።

ምግብ ስትሠሩ የሚንጠለጠለውን ሻሽ፣ የነጠላ ጫፍና የቶብ ጠርዝ ወደ ኋላ አስራችሁ ሥሩ። ሰፊ እጅጌ ጠቅልሉ። የናይለን ቀሚስ የለበሰች ልጅ ምድጃ አጠገብ አትቀመጥ። ልብስ እሳት ከያዘ አትሩጡ፤ ሩጫ እሳቱን ያራግበዋል። ባላችሁበት ቁሙ፣ መሬት ላይ ተኙ፣ ተንከባለሉ። አጠገቡ ያለ ሰው በወፍራም የጥጥ ወይም የሱፍ ብርድ ልብስ ያፍነው። ቀልጦ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ጨርቅ አትላጡ፤ በዙሪያው ያለውን ልቅ ልብስ ብቻ አውልቁ። ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አፍስሱበት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ ወይም አመድ አትቀቡ። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የከሰል ካውያ የምትጠቀሙም ድንኳን ዘግታችሁ አትተኩሱ። የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል። ጥጥ ከፍተኛ ሙቀት ይችላል፤ ፖሊስተርና ናይለን ግን በለዘብተኛ ካውያ፣ በመካከሉ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ተኩሱ።

4. በእጥበት ጊዜ

ልብስን ከሚጨርሱት ነገሮች ዋናው በየቀኑ መልበሱ ሳይሆን አስተጣጠቡ ነው። ሀቡብ ከነፈሰ በኋላ ልብሱ ውስጥ የሚገባው አሸዋ ስለታም ነው፤ ስታሹት ክሩን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ከመዘፍዘፋችሁ በፊት በደንብ አራግፉ። የዋልካ ጭቃ የነካውን ደግሞ እርጥብ ሳለ አትሹት፤ ይበልጥ ይሰርጋል። አድርቃችሁ አራግፉና ከዚያ እጠቡት።

ጥጥ ሲረጥብ ከደረቁ ይልቅ ይጠነክራል፤ ስለዚህ መታሸትንና መፍላትን ይችላል። ሱፍ ግን ሲረጥብ ይደክማል፤ በሙቅ ውኃ ከታሸ ደግሞ ይኮማተርና የሕፃን ልብስ ያህል ይሆናል። ሱፍን በቀዝቃዛ ውኃ ሳታሹ እየተጫናችሁ እጠቡ፣ አትጠምዝዙ፣ ዘርግታችሁ አድርቁ። ሬዮን ወይም ቪስኮስ የሚባለው አንጸባራቂ ስስ የቀሚስ ጨርቅ የሚሠራው ከእንጨት ነው፤ ሲረጥብ ግን ጉልበቱን በእጅጉ ስለሚያጣ ድንጋይ ላይ ከተመታ ይቀደዳል። ፖሊስተር ሲረጥብ አይለወጥም፤ ቶሎም ይደርቃል። በክረምት ዝናብ ጊዜ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው።

የጉድጓድ ውኃ ጨዋማ ሲሆን ሳሙና አረፋ አይሰጥም፤ በልብሱ ላይ ነጭ ነገር ይቀራል። ያ ቅሪት የሕፃን ቆዳ ያሳክካል፤ ስለዚህ የሕፃን ልብስ ሁለት ጊዜ አለቅልቁ።

ወንዝና ቦይ ውስጥ ገብታችሁ አትጠቡ። የቢልሃርዝያ ትል በቆዳ በኩል የሚገባው እዚያ ነው። በዚህ ጉዳይ የእኛው ሰው የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ይጠቀሳል። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቢልሃርዝያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ከዚያ ተነስተው እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አሳወቁ። ለዚህም ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እናቶቻችን የሚያውቁት የእጥበት ዘዴ ለሳይንስ በር ከፈተ ማለት ነው። ቢሆንም ውኃውን በባልዲ ቀድታችሁ ደረቅ መሬት ላይ ማጠቡ ይሻላል።

ማድረቂያው ፀሐይ ነው። የካርቱም ሁለት ፀሐይ ሁለተኛው ባልዲ ሳይጨመቅ የመጀመሪያውን እንደሚያደርቅ ታስታውሳላችሁ። ጥጥን፣ በተለይም የሽንት ጨርቅንና የወር አበባ ጨርቅን፣ በቀጥታ ፀሐይ ላይ አድርቁ። አፍራችሁ ከፍራሽ ሥር አትደብቁት፤ እርጥብ ጨርቅ ጀርም ያራባል። የሚያሳፍራችሁ ከሆነ ከላዩ ስስ ነጠላ ጣል አድርጉበት። ናይለንና ሐር ግን ፀሐይ ሲበዛባቸው ይሰባበራሉ፤ ጥላ ላይ ይድረቁ። ባለቀለም ጥጥ ከሆነ ገልብጣችሁ አስጡት።

5. ቅማልና የሚያገረሽ ትኩሳት

የሰውነት ቅማል የምትኖረው በቆዳ ላይ ሳይሆን በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ወደ ቆዳ የምትመጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. በቱኒስ ከተማ ሻርል ኒኮል የተባለ ሐኪም አንድ ነገር አስተዋለ። የተስቦ በሽተኞች በር ላይ ልብሳቸውን የተቀበለውን ሰው ያስይዛሉ፤ ታጥበው የሆስፒታል ልብስ ከለበሱ በኋላ ግን ማንንም አያስይዙም። በሽታው ያለው በልብሱ ውስጥ ነበር። ተስቦን የምታስተላልፈው ቅማል መሆኗን በዚህ አረጋገጠ፤ በ1928 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ሁለተኛው በሽታ የሚያገረሽ ትኩሳት ነው። በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ከአፍሪካ ቀንድ ተነስተው አውሮፓ በደረሱ ስደተኞች ላይም ታይቷል። ትኩሳቱ በድንገት ይጀምራል፣ ለቀናት ይቆያል፣ ይተውና ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለሳል። "ተወኝ" ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። መድኃኒቱ ይገኛል፤ ነገር ግን ሕክምናው ሲጀመር ሰውነት በኃይል ሊንቀጠቀጥ ስለሚችል ከገበያ ገዝታችሁ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ሆናችሁ ውሰዱት። ቅማልን በጥፍር አትፍጩ። ጀርሙ ያለው በሆዷ ውስጥ ነው፤ ስትፈጭ በተቧጨረ ቆዳ ይገባል።

ቅማል ያለበትን ልብስ እንደ ክሩ ዓይነት አጽዱ። ጥጥ ከሆነ በፈላ ውኃ ዘፍዝፉ፣ አድርቁ፣ ስፌቱን በጋለ ካውያ ተኩሱ። ሱፍ፣ ናይለን ወይም መፍላት የማይችል ከሆነ በፌስታል ውስጥ አጥብቃችሁ አስራችሁ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ቅማል ያለ ሰው ደም ከሳምንት በላይ አትኖርም፤ ከእንቁላል የምትወጣውም ምግብ አጥታ ትሞታለች። እከክ ላለበት ቤተሰብም ይኸው ይሠራል፤ ለእከክ ሳምንት ይበቃል፤ ነገር ግን መላው ቤተሰብ በአንድ ቀን መታከም አለበት። የእርሻ መድኃኒት፣ ማላታይን ወይም ኬሮሲን ልብስ ላይ መርጨት ክልክል ነው። ቅማሏን ሳይሆን ልጃችሁን ትገድላላችሁ።

6. ተቅማጥና ክሎሪን

በሱዳን ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮሌራ በብዙ ቦታ ተዛምቶ ብዙ ሕይወት ቀጥፏል። የኮሌራ በሽተኛ የተበላሸበትን ልብስ ከውኃ መቅጃ ርቃችሁ እጠቡ። ጥጥ ከሆነ ለ5 ደቂቃ በሚፈላ ውኃ ውስጥ አማስሉት። መፍላት የማይችለውን በሳሙና አጥባችሁ በደንብ ፀሐይ ላይ አድርቁት። የጤና ሠራተኛ በጥብጦ የሚሰጣችሁን ክሎሪን ነጭ ጥጥና ፖሊስተር ይችሉታል። ሱፍና ሐር ግን በክሎሪን ይበላሉ፤ ናይለንም ይዳከማል፣ ቢጫ ይሆናል። ክሎሪንን ከኮምጣጤ ወይም ሽንት ካለበት ጨርቅ ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛም ጋዝ ይወጣዋል። የሽንት ጨርቅ አስቀድሞ በውኃ ይለቅለቅ።

7. ስለ አቀማመጥ

እርጥብ ጥጥ ከተጠቀለለ ይሻግታል። ምስጥ ጥጥ ይበላል፤ ብል ደግሞ ሱፍና ሐር ይበላል፤ ፖሊስተርን ሁለቱም አይወዱትም። ልብሳችሁን በደንብ አድርቃችሁ፣ አጥባችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ብል የላብና የምግብ ቅሪት ያለበትን አስቀድሞ ይበላልና ሱፍ ቆሽሾ አይቀመጥ። ለብል ብለው ናፍታሊን የሚያስቀምጡ አሉ። በናፍታሊን የቆየ ጨርቅ ሳይታጠብና አየር ሳያገኝ ሕፃን አትጠቅልሉበት። በተፈጥሮ ደማቸው ለዚህ የሚጋለጥ ሕፃናት አሉ፤ ደማቸው ይበላሽና ዓይናቸው ቢጫ ይሆናል፣ ለሞትም ያደርሳል። ልጃችሁ እንዲህ መሆኑን ከልደቱ ጀምራችሁ ማወቅ ስለማትችሉ መጠንቀቁ ይበልጣል።

አጎበርም ጨርቅ መሆኑን አትርሱ። ክሩ የፋብሪካ ክር ሲሆን የወባ ትንኝ መግደያ መድኃኒት ተቀብቷል። በለስላሳ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡት፣ ክሎሪን አታስነኩት፣ ፀሐይ መድኃኒቱን ስለሚያጠፋ ጥላ ላይ አድርቁት። ከምድጃም አርቁት፤ ይቀልጣል።

ለማጠቃለል፦

ከቆዳ አጠገብ ጥጥ፣ ከላይ የፈለጋችሁትን ልበሱ።
ምድጃ አጠገብ የናይለን ልብስ አይኑር፤ የሚንጠለጠል ጨርቅ ይታሰር።
ከመዘፍዘፍ በፊት አሸዋና ጭቃ ይራገፍ።
ጥጥ ይፍላ፤ ሱፍና ናይለን በፌስታል ታስረው ሁለት ሳምንት ይቆዩ።
የሚመላለስ ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ያለን ልብስ ጥቂት ቢሆንም በሚገባ ከያዝነው ገላችንን ይሸፍናል፣ ጤናችንንም ይጠብቃል። ጎረቤታችሁ መቀየሪያ ልብስ ከሌላት፣ የለበሰችውን ስታፈላ የምትለብሰው ነገር አውሷት። በአንድ ድንኳን የቀረች ቅማል ለሰፈሩ ሁሉ ትተርፋለችና ይህ ውለታ ብቻ ሳይሆን ራስን መጠበቅም ነው። ጥያቄ ያላችሁ በየሰፈራችሁ ላሉ የጤና ሠራተኞች ንገሩ፤ በሚቀጥለው ፕሮግራም መልስ እንሰጥበታለን።